ብዙ ሰው አብሮ ለሚሠራበት ሶፍትዌር ኦብጀክቱን የት እናኑረው? የአማራጮች ንጽጽር

ሁለት ሰዎች አንድ የሥራ ዕቅድ በየኮምፒውተራቸው ከፍተዋል። ዕቅዱ ውስጥ በወሩ በ10 ተጀምሮ በ25 የሚያልቅ ተግባር አለ። አንደኛዋ መነሻውን ወደ 20 ገፋችው፤ በዚያው ቅጽበት ሌላው ማብቂያውን ወደ 15 ሳበው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ጠንቃቃ ስለነበር «ተግባር» በሚለው ክላስ (የኦብጀክቶች ንድፍ) ውስጥ መነሻው ከማብቂያው እንዳያልፍ የሚከለክል ማጣሪያ አስገብቷል። ማጣሪያው በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ በትክክል ሠርቷል፦ 20 ከ25 በፊት ነው፣ 10ም ከ15 በፊት ነው። ለውጦቹ ተገናኝተው ሲዋሃዱ ግን በ20 ተጀምሮ በ15 የሚያልቅ ተግባር ተወለደ።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ስንማር ኦብጀክት ማለት የያዘውን መረጃ ደብቆ የሚጠብቅ፣ በሜተዶቹ (በሚቀበላቸው ትእዛዞች) በኩል ካልሆነ የማያስነካ ነገር ነው ተብለናል። እውነት ነው፤ ግን ኦብጀክቱ አንድ ቦታ ሲኖርና የሚመጣበት ሁሉ በአንድ በር ሲገባ ነው። ለጋራ ሥራ ስናውለው ያው ኦብጀክት አምስት ስክሪን ላይ አምስት ቅጂ ሆኖ ይቀመጣል፣ በሩም አምስት ይሆናል። ስለዚህ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ከመምረጣችሁ በፊት እንድትመልሱት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ እውነተኛው ኦብጀክት የት ነው ያለው? ሕጉን የሚያስከብርለትስ ማን ነው? ከታች ያሉትን አማራጮች የምመዝናቸው በዚህ ጥያቄ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም ኦብጀክትና በኮምፒውተር አብሮ መሥራት፣ በዕድሜ እኩዮች ናቸው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ኦስሎ ውስጥ ክላስና ኦብጀክትን ያመጣውን ሲሙላ 67 የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት በ1960ዎቹ ነው፤ ዳግላስ ኤንግልባርት ደግሞ ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በርቀት ካለ ባልደረባው ጋር አንድ ስክሪን ተጋርቶ ሲሠራ ለሕዝብ አሳየ። በኮምፒውተር የታገዘ የጋራ ሥራ የራሱን ስም ያገኘው ግን በ1984 ነው፤ ስሙን ያወጡት አይሪን ግራይፍና ፖል ካሽማን ናቸው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኒጎርድ ነው። ይኸው ክላስና ኦብጀክትን ከፈጠሩት አንዱ የሆነ ሰው በ1970ዎቹ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ሠራተኛው በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ የመወሰን ድምፅ እንዲኖረው ሲደክም ነበር። ኦብጀክት ለእሱ በሰውና በሥራው መካከል ያለውን ነገር መግለጫ ቋንቋም ነበር ማለት ነው። ክላስ ስትሠሩ ስሙን ሥራውን ከሚሠሩት ሰዎች አፍ ውሰዱ የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

አንድ ኦብጀክት፣ አንድ ሰርቨር

ቀላሉ አማራጭ ይህ ነው። እውነተኛው ኦብጀክት ሰርቨሩ ላይ ይኖራል፤ ተጠቃሚዎቹ የሚያዩት የእሱን መልክ ነው። ለውጥ ሁሉ ጥያቄ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፣ በተራው ይስተናገዳል፣ ማጣሪያውን ካለፈ ለሁሉም ይደርሳል። መግቢያዬ ላይ ያለው የቀን ችግር እዚህ አይፈጠርም። ሁለተኛው ጥያቄ ሲደርስ ኦብጀክቱ የመጀመሪያውን ለውጥ ያውቃልና አይቀበለውም።

ችግሩ ተራ አጠባበቁ ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መቆለፍ ነው። በጋራ የምንሞላው የዕቅድ ሰንጠረዥ በሠራሁ ጊዜ «መዝገቡን የከፈተ ይቆልፈዋል» የሚል ሕግ አወጣሁ። ሥራ ላይ በዋለ በሳምንቱ አንድ ባልደረባችን መዝገብ ከፍቶ፣ ላፕቶፑን ዘግቶ ስብሰባ ገባ። ከሰዓቱን ሙሉ ያንን መዝገብ መንካት የቻለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሳስገባ ሦስት ነገር አልተውም፦ ቁልፉ የሚያበቃበት ጊዜ አለው፣ የያዘው ሰው ስም ለሁሉም ይታያል፣ የሚቆለፈውም የሚነካው መስመር እንጂ መዝገቡ በሙሉ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የቨርዥን ቁጥር ነው። ቨርዥን 7ን አይታችሁ ለውጥ ስትልኩ «7ን አይቼ ነው» ብላችሁ ትልካላችሁ፤ ሰርቨሩ 8 ላይ ደርሶ ከሆነ ይመልሰዋል። ለአጭር ቅጽ በጣም ጥሩ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ረጅም ጽሑፍ ሲጽፍ ለቆየ ሰው ግን «ሌላ ሰው ቀድሞሃል» የሚል መልስ መስጠት ጭካኔ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ያለውን ኦብጀክት እንዴት ትሠሩታላችሁ ለሚለው የእኔ ምርጫ አክተር ነው። ሐሳቡ በ1973 ካርል ሂዊትና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው፤ በኤሪክሰን የተሠራው ኧርላንግ የተባለው ቋንቋም ሰፊ ሥራ ላይ አውሎታል። እያንዳንዱ ሰነድ አንድ አክተር ይሆናል፤ አክተሩ መልእክቶችን በተራ አንድ በአንድ ይቀበላል። ሁለት ክር (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራም ሥራ) በአንድ ጊዜ አንድን መረጃ የሚነካበት አጋጣሚ ስለሌለ፣ ሲፈልጉት የማይገኝ፣ ሳይጠብቁት የሚመጣ ዓይነት ስህተት ይቀንሳል። «ኦብጀክት ኦሪየንትድ» የሚለውን ስም ያወጣው አለን ኬይም ኦብጀክት ሲል መልእክት የሚለዋወጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን ማሰቡ ነበር፤ ለዚያ ሐሳብ ከብዙዎቹ ዛሬ ከምንጠቀምባቸው ክላሶች ይልቅ አክተር ይቀርበዋል።

ይህን አማራጭ ለማን እመክራለሁ? ገንዘብ፣ ቦታ ማስያዝ፣ ማጽደቅ፣ ዕቃ ቆጠራ ያለበት ሥራ ሁሉ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሸጦ በኋላ «እናዋህደዋለን» አይባልም።

የርቀት ኦብጀክት፦ አልመክርም

በ1990ዎቹ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት መንገድ ነበር። ኮርባ በ1991፣ የጃቫው አርኤምአይ ደግሞ በ1997 መጡ። ሐሳባቸው ሌላ ማሽን ላይ ያለን ኦብጀክት ጎንህ እንዳለ ቆጥረህ ሜተዱን ጥራው የሚል ነው። ሳን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ በ1994 ይህ ማስመሰል ለምን እንደማያዋጣ በግልጽ ጻፉ፦ የኔትወርክ መዘግየት አለ፣ አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌላው ሳይወድቅ ይቀራል፣ ብዙ ጠሪ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ሒሳቡን እንየው። ስክሪን ላይ 200 ቅርጾች አሉ እንበል። እያንዳንዱን ለመሳል ቦታውን በሁለት ጥሪ፣ ስፋቱንና ቁመቱን በሁለት ጥሪ እንጠይቃለን። አንዱ ጥሪ ደርሶ መልስ 100 ሚሊሰከንድ ከወሰደና ጥሪዎቹ ተራ በተራ ከሆኑ፣ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ለመሳል 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። ኮዱ ላይ ግን አራት የተለመዱ ሜተዶች ከመሆናቸው በቀር ምንም አይታይም። ኔትወርክን የሚሻገር ጥሪ መልኩ ራሱ የተለየ ይሁን፤ ጠቅልሎ ይላክ፣ ሊከሽፍ እንደሚችልም በግልጽ ይናገር።

ቅጂ ለሁሉም፣ ጥሪውም ለሁሉም

ሦስተኛው መንገድ ኦብጀክቱን በየኮምፒውተሩ አስቀምጦ የሜተድ ጥሪውን ለሁሉም ማዳረስ ነው። ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ በ1980ዎቹ የተሠራው ኮላብ የተባለው የስብሰባ ክፍል በዚህ ነበር የሚሠራው። ሉፕስ በተባለ የኦብጀክት ቋንቋ ተጽፎ፣ አንዱ ስክሪን ላይ የተጠራ ሜተድ ለሌሎቹም ይሠራጭ ነበር። ግጭት ቢፈጠርስ? ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ «እሱን እኔ ይዤዋለሁ» ይባባሉ ነበር። በአንድ ክፍል ለሚሠራ ቡድን እንዲህ ያለው የአፍ ስምምነት ብዙ ኮድ ይተካል፤ ሰዎቹ ሲራራቁ ነው የሚከዳው።

ዘመናዊው መልኩ ክሮኬት ነው። አለን ኬይን ጨምሮ ጥቂት ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ይህ ሥርዓት ጥሪዎቹ ለሁሉም ቅጂ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲደርሱ ያደርጋል። መነሻቸው አንድ የሆነ፣ የሚሰሙትም ቅደም ተከተል አንድ የሆነ ኦብጀክቶች መድረሻቸውም አንድ ይሆናል።

ዋጋው ጥንቃቄ ነው። ሜተዱ ውስጥ የማሽኑን ሰዓት ካነበባችሁ፣ የዘፈቀደ ቁጥር ካወጣችሁ፣ ወይም ቅደም ተከተሉ ያልተረጋገጠ ሃሽ (በስም የሚፈለግ የመረጃ ስብስብ) ላይ ከዞራችሁ ቅጂዎቹ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ መቼ እንደተለያዩም አታውቁም። ሰዓትም ሆነ የዘፈቀደ ቁጥር ከጥሪው ጋር አብሮ ይላክ። በየጊዜው ከኦብጀክቶቹ ሁኔታ አጭር የማመሳከሪያ ቁጥር አውጥታችሁ በቅጂዎቹ መካከል አመሳክሩ። ለጨዋታ፣ ለሲሙሌሽን፣ በሦስት አውታረ መጠን ለሚሠራ የጋራ መድረክ ይህን የሚያህል አላየሁም። ኔትወርክ ተቋርጦበት ለብቻው ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም፤ ቅደም ተከተሉን የሚሰጠው አካል ጠፍቷልና።

ጽሑፍ ከሆነ

ጽሑፍን በጋራ መጻፍ ከሁሉም የተለየ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ አጭር ምሳሌ ላሳይ። ሰነዱ ላይ «ልጅ መጣ» ተጽፏል። ፊደሎቹንና ክፍት ቦታውን ከ0 ጀምረን ብንቆጥር ል 0፣ ጅ 1፣ ክፍቱ ቦታ 2፣ መ 3፣ ጣ 4 ላይ ናቸው። አንዷ መጀመሪያው ላይ «አንድ» ብላ ከነክፍት ቦታው አራት ምልክት ጨመረች። በዚያው ቅጽበት ሌላው 5ኛው ቦታ ላይ «ች» አስገባ፤ «መጣች» ለማለት ነው። የእሱ ትእዛዝ እንዳለ እሷ ኮምፒውተር ላይ ቢፈጸም «አንድ ልችጅ መጣ» ይሆናል።

ኦፕሬሽናል ትራንስፎርሜሽን፣ በአጭሩ ኦቲ፣ ትእዛዙን ከመፈጸሙ በፊት ያስተካክለዋል፦ ከፊቱ አራት ምልክት ስለተጨመረ 5 ወደ 9 ይቀየራል፤ ውጤቱም «አንድ ልጅ መጣች» ይሆናል። ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ በ1989 ያቀረቡት ይህ ሐሳብ ጉግል ዌቭንና ጉግል ዶክስን ያንቀሳቀሰ ነው። የመጀመሪያው አሠራራቸው የማይሠራበት ሁኔታ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ተገኝቷል፤ ይህን የምናገረው ኦቲን ከባዶ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው እንዲያውቅ ነው። የትእዛዝ ዓይነቶቻችሁ 10 ከሆኑ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን መወሰን አለበት፤ 100 ጥንድ ማለት ነው። መሐል ላይ ቅደም ተከተል የሚሰጥ ሰርቨር ካለ ሥራው በብዙ ይቀላል።

ሌላው መንገድ ሲአርዲቲ ነው፤ ያለ ግጭት የሚዋሃድ የመረጃ ዓይነት ማለት ነው። ስሙንና የጠራ ትርጉሙን በ2011 ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ሰጡት። እዚህ ትእዛዙ ሳይሆን የመረጃው አቀማመጥ ነው የሚለወጠው። እያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ «5ኛው ቦታ ላይ» ማለት ቀርቶ «ከዚህ መለያ ቀጥሎ» ይባላል። ስለዚህ ከፊቱ ምን ያህል ቢጨመር «ች» ከ«ጣ» ቀጥሎ ነው። ለውጦቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ፣ ቢደጋገሙ እንኳ፣ ቅጂዎቹ መጨረሻቸው አንድ ነው። ሰርቨር ዋና ዳኛ መሆኑ ይቀርና መልእክት አድራሽ ይሆናል፤ ባይኖርም ይሠራል።

ለኦብጀክት ሰው ደስ የሚለው ሲአርዲቲ እንደ ክላስ የሚታሰብ መሆኑ ነው። ቆጣሪን ውሰዱ። 10 ላይ ያለን ቁጥር ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንድ ቢጨምሩበት ሁለቱም 11 ይልካሉ፤ «የመጨረሻው ያሸንፋል» በሚል ሕግ ውጤቱ 11 ነው፣ አንዱ ጭማሪ ጠፋ። የሲአርዲቲ ቆጣሪ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ሣጥን ይሰጣል፤ ማንም የሌላውን ሣጥን አይነካም፤ ድምሩ ሲጠየቅ ሣጥኖቹ ይደመራሉ። 12። ከውጭ ለሚያየው አንድ «ጨምር» የሚል ሜተድ ያለው ተራ ኦብጀክት ነው፤ ውስጡ ግን ለመዋሃድ ተዘጋጅቶ የተሠራ ነው። ስብስብም፣ ዝርዝርም፣ ካርታም (ስምን ከዋጋው ጋር የሚያጣምር መዝገብ) በዚህ መልክ ተሠርተው ዋይጄኤስና አውቶመርጅ በተባሉት ላይብረሪዎች ውስጥ ይገኛሉ።

ሲአርዲቲ የማይሰጣችሁን ደግሞ እወቁ። ቅጂዎቹ አንድ እንደሚሆኑ ዋስ ነው፤ የደረሱበት ነገር ትርጉም እንደሚሰጥ ግን ዋስ አይሆንም። የመግቢያዬን ተግባር በሲአርዲቲ ካርታ ብትሠሩት ሁሉም ኮምፒውተር ላይ በፍጹም ስምምነት «በ20 ተጀምሮ በ15 የሚያልቅ» ይሆናል። በብዙዎቹ ደግሞ የተሰረዘ ፊደል ምልክቱ ውስጥ ውስጡን ስለሚቀር ለዓመታት የሚጻፍበት ሰነድ ይከብዳል።

ለጽሑፍ የቱን? ሁልጊዜ ሰርቨር ያላችሁና ቀድሞ የተሠራ ኦቲ ያገኛችሁ ከሆነ ኦቲ ይበቃል። ሰዎች ከኔትወርክ ተነጥለው ሠርተው ሲመለሱ እንዲገናኝላቸው የምትፈልጉ ከሆነ ሲአርዲቲ። አዲስ የሚጀምርን ቡድን ወደ ሁለተኛው እገፋዋለሁ፤ በሁለቱም ግን ራሳችሁ ከባዶ አትጻፉት።

የኦብጀክቱን ባሕርያት ለየብቻ

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው አማራጭ ይህ ነው። ሥራችሁ ከጽሑፍ ይልቅ ቅርጽ፣ ካርድ፣ ሰንጠረዥ፣ ዕቅድ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡበት። የንድፍ መሣሪያ የሆነው ፊግማ በ2019 አሠራሩን ሲያብራራ እንዳሳየው፣ ሰነዱ የኦብጀክቶች ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱ ኦብጀክት መለያና ባሕርያት (ቀለም፣ ቦታ የመሳሰሉት) አሉት፤ ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ባሕርይ መጨረሻ የደረሰውን ዋጋ (እሴት) ይይዛል። ከሲአርዲቲ ሐሳብ ወስደዋል፤ ሰርቨር ስላላቸው ግን ከባዱን ክፍል ትተውታል።

አንዷ አራት ማዕዘኑን ስታንቀሳቅስ ሌላው ቀለሙን ቢቀይር ሁለቱም ለውጥ ይተርፋል፤ የተለያየ ባሕርይ ነውና። ኦብጀክቱን እንደ አንድ ጥቅል ብትልኩት ግን የአንዳቸው ሥራ ይጠፋ ነበር። ሁለቱም ቀለሙን ከቀየሩ የአንዱ ያሸንፋል፣ ያም ማንንም አያስቀይምም፤ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ እያዩት ነው። በዝርዝር ውስጥ ቦታን ለመያዝ ደግሞ ክፍልፋይ ቁጥር ይጠቅማል፦ በ0.2 እና በ0.3 መካከል ለማስገባት 0.25 መስጠት ነው፤ የሌሎቹን ቁጥር መንካት አያስፈልግም።

ትልቁ ውሳኔ «አንድ ባሕርይ» የሚባለው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የኦብጀክት ንድፍ ችሎታችሁ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አብረው ካልሆኑ ትርጉም የሌላቸውን ዋጋዎች በማይለወጥ ትንሽ ኦብጀክት ጠቅልሏቸው። መነሻና ማብቂያን ለየብቻ ከመያዝ «የጊዜ ክልል» የሚል አንድ ዋጋ አድርጓቸው፤ ሲለወጥ በሙሉ ይተካል። ያን ጊዜ የመግቢያዬ ሁለት ሰዎች አንዷ «ከ20 እስከ 25»፣ ሌላው «ከ10 እስከ 15» ይልካሉ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ የሚቀረው ትክክለኛ ክልል ነው። የአንዱ ለውጥ ይጠፋል፣ አዎ፤ ግን የጠፋበት ሰው አይቶ መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። የሁለት ኦብጀክቶችን ግንኙነት የሚመለከት ሕግ ሲኖር ግን ይህ አይበቃም፤ ዛፉ ውስጥ «ሀ» የ«ለ» ልጅ፣ «ለ» ደግሞ የ«ሀ» ልጅ እንዳይሆኑ መከልከልን የመሰለው ሕግ ወደ ሰርቨሩ መሄድ አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚከተሏችሁ ነገሮች

ለውጥን ሁሉ ራሱን የቻለ ኦብጀክት አድርጉት፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን፣ ከምን ወደ ምን። ይህን የምለው በተለይ በመቀልበስ ምክንያት ነው። ብቻችሁን ስትሠሩ «ቀልብስ» ማለት የመጨረሻውን ለውጥ መመለስ ነው። በጋራ ሥራ ላይ የመጨረሻው ለውጥ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሰው ሥራ ከእጁ ላይ እንደመንጠቅ ነው። ቀልብስ የራስን የመጨረሻ ለውጥ ብቻ ይመልስ፤ ሌላ ሰው ያንኑ ባሕርይ ከዚያ በኋላ ከነካው ደግሞ ይለፈው።

ምን እንደሚጋራም ወስኑ። ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 ዜሮክስ ፓርክ ሳለ ያቀረበው ሞዴልን (መረጃውን) እና እይታን (ስክሪን ላይ የሚታየውን መልክ) የመለየት ሐሳብ ለዚህ ዛሬም ይሠራል፦ ሞዴሉ የሁሉም፣ እይታው የየራስ። የኮላብ ሰዎች ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይይ በሚል ጥብቅ ሕግ ጀምረው ማላላት ግድ ሆኖባቸዋል። አንዱ ገጹን ወደ ታች ሲያወርድ የሁሉም ስክሪን አብሮ የሚወርድበት ፕሮግራም ያናድዳል።

የከርሰር ቦታ፣ «እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት፣ ማን እንዳለ የሚያሳይ ስም ከሰነዱ ጋር አይቀመጡ። ሰውየው ሲወጣ የሚጠፉ ናቸው፤ ዳታቤዝ ውስጥ መግባትም አይገባቸውም። ግን አትናቋቸው፤ ሰዎች የሌላውን ከርሰር ካዩ ራሳቸው ይተላለፋሉ፣ ግጭትም ከመፈጠሩ በፊት ይቀራል።

እንግዲህ እኔ ዛሬ ብጀምር፦ ገንዘብና ቦታ ማስያዝን ሰርቨር ላይ ላለ አክተር እሰጣለሁ። ቅርጽና ዕቅድን በባሕርይ ደረጃ በሰርቨር አዋህዳለሁ። ረጅም ጽሑፍ የሚሞላበትን አንድ ቦታ ብቻ በሲአርዲቲ እይዛለሁ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ሁሉንም በአንድ መንገድ ለመሥራት መሞከር ነው ብዙ ቡድን ሲያደክም ያየሁት።

ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ሙከራ አድርጉ። ሁለት መስኮት ከፍታችሁ የአንዱን ኔትወርክ አቋርጡ። በሁለቱም ላይ ያንኑ ኦብጀክት ንኩት፦ አንዱ ይሰርዘው፣ ሌላው ስሙን ይቀይረው። ከዚያ ኔትወርኩን መልሱና ስክሪኑን ተመልከቱ። የታየው ነገር ፕሮግራሙን ለሚጠቀመው ሰው ስታስረዱት የማያሳፍር ከሆነ ምርጫችሁ ሠርቷል። ካልሆነ፣ ሰውየው ምን ይሆናል ብሎ እንደጠበቀ ጠይቁትና መልሱን ክላሱ ውስጥ ጻፉት።